ስልኩን ገዛሁ፤ ልብሱን ግን ራሴ ሰፋሁለት

ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 ጥሩ ስልክ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዛሬ አብዛኛውን የምጽፈው ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለለበሰው ቆዳ፣ ስለሚቀመጥበት እንጨትና ከዝናብ ስለሚሸሸግበት ጨርቅ ስለሆነ ነው። ስልኩን ፋብሪካ ሠራው። የቀረውን ጅማ ውስጥ በእጅ ሠርተነዋል። አብሬው ስኖር የማየው ልዩነት ደግሞ ከዚያ ከቀረው ነው የመጣው።

ሥራዬ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ሚዛን አጠገብ ቆሜ የሚገባውንና የሚወጣውን እመዘግባለሁ። ገበሬው በፈረሱላ ያወራል፣ ወረቀቱ በኪሎ ይጠይቃል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ካልኩሌተሩ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። የደረሰኝ ፎቶ አነሳለሁ፣ በቴሌብር እከፍላለሁ፣ ሾፌሮች የት እንደደረሱ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ስልኬ ኪስ ውስጥ ተኝቶ የሚውል ዕቃ አይደለም። አቧራ ይበላል፣ ይነሳል፣ ይጣላል፣ ባጃጅ ላይ ዝናብ ይረጨዋል።

ለዚህ ኑሮ ኤ15 ይመቻል። ስክሪኑ 6.5 ኢንች ሱፐር አሞሌድ ነው፤ ፀሐይ ላይ እስከ 800 ኒት ይደምቃል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ኅዳር ላይ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መሀል ቆማችሁ መልእክት አንብቡበት። እጄን ጥላ አድርጌ ማንበብ ቀርቶልኛል። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ጠዋት ሞልቼው ብወጣ ማታ ቤት ስገባ ገና ይተርፈዋል፤ መብራት ጠፍቶ በሚያመሽበት ቀን ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኢርፎን ቀዳዳ አለው። ብዙ ስልኮች እየተዉት ባለበት ዘመን ይህቺ ትንሽ ቀዳዳ በጣም አስደስታኛለች።

ካሜራው ለኔ ይበቃኛል። ዋናው ሌንስ 50 ሜጋፒክስል ነው። ሰፊው ሌንስ 5 ሜጋፒክስል ስለሆነ ለጠቅላላ እይታ ነው የሚሆነው። ጂሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከነግቢው በአንድ ፎቶ መያዝ ከፈለጋችሁ ሰፊውን ተጠቀሙ። የሰገነቱን የእንጨት ሥራ ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ጠጋ ብላችሁ በዋናው አንሱ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። ካርቶኑ ውስጥ ገመድ እንጂ ቻርጀር የለም። ሲም ማስገቢያው ደግሞ ወይ ሁለት ሲም፣ ወይ አንድ ሲምና አንድ ሚሞሪ ነው የሚይዘው። ሳፋሪኮም በ2022 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም የሚይዘው ሰው በዝቷል። እኔም ሁለት ሲም ይዤ ሚሞሪውን ትቻለሁ፤ 128 ጊጋው ለደረሰኝ ፎቶ አላነሰኝም።

አሁን ወደ ልብሱ።

መጀመሪያ ከሱቅ ከቨር ገዛሁ። ሻጩ «የኤ15 ነው» ብሎ ምሎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሳለብሰው ጫፉ አልገጥም አለ። የኤ25 ነበር። ሁለቱ ስልኮች ልካቸው ይቀራረባል፣ ግን አንድ አይደለም። ስመልሰው «እየለበሰ ይለመጣል» አለኝ። እንዲህ ዓይነት መልስ ያበሳጨኛል። ለአንድ ሚሊ ሜትር የማይጨነቅ ሰው የስልክ ልብስ መሸጥ የለበትም።

የኤ15 ልክ ይኸውላችሁ፦ ቁመቱ 160.1 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 76.8፣ ውፍረቱ 8.4፣ ክብደቱ 200 ግራም። በቀኝ ጎኑ የድምፅና የማብሪያ ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ከጠርዙ ትንሽ አበጥ ብሎ ወጥቷል። ሳምሰንግ ይህን ቅርጽ «ኪ አይላንድ» ይለዋል። አውራ ጣት ሳያይ ያገኘዋል፤ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ለሚሰፋ ሰው ግን ፈተናው እዚያ ላይ ነው። ያንን እብጠት ያልቆጠረ ቆዳ ቁልፉን ሲጫነው ይውላል። የጎን ቁልፉ ሁለቴ ከተጫነ ካሜራ ይከፈታል፤ ቦርሳ ውስጥ ካሜራው በርቶ ዋለ ማለት ባትሪው አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፎርማ አሠራሁ። ጫማ ሰፊ ያለ ፎርማ ጫማ እንደማይሰፋ ሁሉ እኔም ያለ ፎርማ መጀመር አልፈለግሁም። ቆዳ ቅርጽ የሚይዘው እርጥብ ሆኖ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ በስልኩ ላይ አይጠቀለልም። ኤ15 ውሃ ይችላል ተብሎ የተሸጠ ስልክ አይደለም። ሰፈራችን ያሉት አናጢ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ከዋንዛ ቁራጭ ልኩን ቆረጡልኝ። ማዕዘኖቹን በሞረድ አዞሩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ከዚያ በቀኝ ጎን በኩል ስስ የእንጨት ልጣጭ ለጠፉ፤ ያ የቁልፎቹ እብጠት ነው። «ስልኩን ራሱን አምጪና ላስተያየው» አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው በጣታቸው ዳሰሱ፣ ልጣጩን ትንሽ ፋቁለትና «አሁን መንታ ናቸው» ብለው ሰጡኝ። የዚያን ቀን ደስታዬ ስልኩን ከገዛሁበት ቀን አያንስም።

ቆዳውን ያገኘሁት እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል ከሚቀመጡ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ነው። የቁርጥራጭ ጆንያቸውን ከፍተው «ምረጪ» አሉኝ። እዚህ ላይ ለሚሞክር ሰው የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ያምራል፣ ቀለሙም ብዙ ነው፤ ግን በውሃ ነክሮ ቅርጽ ማስያዝ ያስቸግራል። ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዛፍ ቅርፊትና በእፅዋት የለፋ ቆዳ ነው ቅርጽ የሚይዘው። ስትቆርጡት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ነው። በክሮም የለፋው መሀሉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይላል። ጠርዙን አይቶ መለየት ይቻላል።

እኔ የመረጥኩት የበሬ ቆዳ ነው፤ ስስ፣ ግን የሚቆም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስኪለሰልስ አቆየሁት፣ ፎርማው ላይ ጠቀለልኩት፣ በአውራ ጣቴ ጠርዙን ዙሪያውን ተጫንኩ። እብጠቱ ጋ ስደርስ በማንኪያ ጀርባ እየተጫንኩ መስመሩን አወጣሁ። ከዚያ ጥላ ላይ ነው የሚደርቀው። ፀሐይ ላይ ያለ ቆዳ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ እስኪደርቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እማዬ «ይሄ ቆዳ ከኛ ጋር ሊኖር ነው እንዴ?» እስክትል ምድጃው ማዶ ተሰቅሎ ከርሟል።

ስፌቱን አባባ አሳዩኝ። ጫማ ሰፊውን ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው። በወስፌ ትበሳለሽ፣ አንድ ክር ላይ ሁለት መርፌ ታስሪያለሽ፣ ሁለቱንም ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ታሳልፊያለሽ። የማሽን ስፌት አንዱ ቦታ ሲበጠስ ተከትሎ ይተረተራል። በሁለት መርፌ የተሰፋ ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ክሩን በንብ ሰም ማሸት ነው፤ ሰሙ ክሩን ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል፣ ቀዳዳው ውስጥም ያጣብቀዋል። «ልጄ፣ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ስፌት አታሳርፊ» አሉኝ። «ጫማም የሚሞተው እዚያ ነው።» ስለዚህ ስፌቴ በግራ ጎንና በታች ብቻ ነው። የቀኙ ጎን፣ ቁልፎቹ ያሉበት፣ የቆዳው ማጠፊያ ሆነ። እብጠቱም ያለ ስፌት ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ታች በኩል ለድምፅ ማጉያው ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ። ኤ15 ድምፅ የሚያወጣው ከታች በኩል ብቻ ስለሆነ እዚያ ከተሸፈነ ጥሪ ሲመጣ ይታፈናል። ከላይ ክፍት ነው፤ የምዘጋው በቆዳ ምላስና በእንጨት ቁልፍ ነው።

ብዙዎች ለመዝጊያ ማግኔት ይመርጣሉ። ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ደስ ይላል። እኔ ግን ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ ማግኔት የስልኩን ኮምፓስ ያሳስታል። መጋዘናችን ውስጥ የሰላት ሰዓት ሲደርስ ከሌላ አገር የመጣ ሾፌር «ቂብላው በየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም ከፍቼ አሳየዋለሁ። ከጅማ ወደ መካ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። ኮምፓሱ ወደ ምዕራብ የሚጠቁም ከሆነ ስልኩ ምን ይሠራልኛል? ማግኔት ያለው ከቨር ያላችሁ ሰዎች አቅጣጫ ከማየታችሁ በፊት አውልቁት።

ይህን የቆዳ ማኅደር ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ሙቀት ይይዛል። በ25 ዋት ቻርጅ ሲደረግ ስልኩ ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ይቀንሳል። ቻርጅ ላይ ስሰካው አወልቀዋለሁ።

የዝናቡ ነገር ሌላ ነው። ጅማ ውስጥ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሲመጣ ሲሄድ ይከርማል። ባጃጅ ላይ ደግሞ ከጎን ነው የሚገባው። ፌስታል ይበቃል የሚል አለ፤ ፌስታል ውስጥ ግን ላብ ይይዛል፣ ስልኩ ረጥቦ ይወጣል። እኔ የሠራሁት በሰም የተቀባ የአቡጀዲ ከረጢት ነው። የንብ ሰም ከትንሽ ዘይት ጋር አቅልጬ ጨርቁን ቀባሁት፣ ከዚያ በሁለት አሮጌ ጋዜጣ መሀል አድርጌ ተኮስኩት። ሰሙ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል። ዘይቱን አትተዉ፤ ሰም ብቻውን ብርድ ላይ ማጠፊያው ጋ ይሰነጣጠቃል። ውሃ ሲነካው እንደ ኳስ እየተንከባለለ ይወርዳል። ገንዳ ውስጥ የሚነከር ነገር አይደለም፣ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ለሚደረግ የባጃጅ መንገድ ነው። ለዚያ ግን ከሱቅ ያገኘሁት ምንም ነገር አይደርስበትም። ሰም 62 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው አትተዉት።

ሰዎች «ለምን የቡና ጆንያ አልተጠቀምሽም? እጅሽ ላይ ነው ያለው» ይሉኛል። ጆንያ ያምራል፣ የጅማን ሽታም ይሰጣል። ግን ቃጫው ይረግፋል። ያ ቃጫ ቻርጅ ማስገቢያው ውስጥ ተጠቅጥቆ ገመዱ አልነክስ ይላል። ጆንያ የፈለገ ሰው ውስጡን በአቡጀዲ ይገብረው።

ማስገቢያው እርጥብ ከሆነ ሳምሰንግ የውሃ ጠብታ ምልክት ያሳይና ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። ታች በኩል ዘቅዝቆ ቀስ አድርጎ አራግፎ አየር ላይ መተው ነው። ጥጥ ወይም ክብሪት እንጨት አትክተቱበት።

ማንጠልጠያውን በኪሮሽ ሠራሁት። የጥጥ ክር ክብደት ሲንጠለጠልበት ስለሚለጠጥ ድርብ አድርጌ ነው የሠራሁት። የሚታሰረው ከቆዳ ማኅደሩ ጋር ነው፣ ስልኩ ራሱ ማሰሪያ ቀዳዳ የለውምና። ሲቆሽሽ ይታጠባል። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም፤ አንገቴ ላይ ነው፣ ሥራውን ይሠራል።

ከሁሉም የምወደው ግን ማስቀመጫው ነው።

ሚዛን ላይ ሁለት እጄ ሥራ ይይዛል። ስልኩ ቆሞ እንዲታየኝ እፈልጋለሁ። ጠረጴዛችን ደግሞ ጠረጴዛ የሚባለው ስም ብቻ ነው፤ ሳንቃው ወጣ ገባ ነው። ከሱቅ የሚገዙት የፕላስቲክ ማስቀመጫዎች እዚያ ላይ ይንገዳገዳሉ፣ ስክሪኑን ስነካ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። መፍትሔው እቤታችን ነበር። የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር አለው? ሦስት እግር በየትኛውም ወለል ላይ፣ አፈርም ይሁን ድንጋይ፣ ሦስቱም አንዴ መሬት ይነካሉ። አራት እግር ወለሉ ካልተስተካከለ አንዱ ይንሳፈፋል። አያቶቻችን ይህን ሲያውቁ ኖረዋል። እኛ ደግሞ አራት እግር ሠርተን ከአንዱ ሥር ወረቀት አጥፈን እንከታለን።

ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። «በርጩማ ሥሩልኝ፤ ለስልክ» አልኳቸው። ልክ እንደ እውነተኛው በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የፈለፈሉት፤ እግሩ የተሰካ አይደለም። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል። ሁለቱ እግሮች ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ነው። ስልኩ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ስለሚቆም ጣቴ ስክሪኑን ሲነካ ክብደቱ በሁለቱ የኋላ እግሮች ላይ ያርፋል። አይንቀሳቀስም። ከላይ ስልኩ የሚገባበት ቦይ አለ። ወርዱን ከስልኩ ውፍረት ትንሽ አሰፉት፤ ቆዳውን ለብሶም ሳይለብስም እንዲገባ። ታች በኩል ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው፤ ቆሞ ቻርጅ ይደረጋል።

ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ያመጡት ሐሳብ አለ። ድምፅ ማጉያው በሚያርፍበት በኩል ውስጡን ቦርቡረው ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ አፍ አወጡለት። ቀንደ መለከት ጠባብ ጫፍና ሰፊ አፍ ያለው ለዚሁ ነው፤ ድምፁ ወዲያና ወዲህ ሳይበተን ተሰብስቦ ወደ ፊት ይወጣል። መብራት አይፈልግም። ጥሪ በድምፅ ማጉያ ስቀበል፣ ዜና ስሰማ፣ የሚዛኑ ጩኸት መሀልም ቢሆን ቃሉ ይለይልኛል። ሙዚቃ ላይ ብዙ አትጠብቁበት፤ እንጨት ወፍራሙን ድምፅ አይጨምርም። ለንግግር ግን ድንቅ ነው።

መጋዘን የሚመጣ ሰው ሁሉ አንስቶ ያየዋል። አንድ ከሊሙ የመጡ ገበሬ አገላብጠው አይተው «ይቺ ለማን ልጅ መቀመጫ ናት?» አሉኝ። ስልኩን ሳቆምበት ሳቁና ለልጃቸው እንዲሠራላቸው ጋሼ የት እንደሚገኙ ጠየቁኝ።

በእጅ የማይሠራ ነገርም አለ፤ እዚያ ላይ ጥብቅ ነኝ። ቻርጀርና ገመድ ግዙ፣ ደህናውን ግዙ። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም ቁጠባ አይደለም፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። 25 ዋት የሚሰጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ የሆነ ገመድ የሚቀበል ቻርጀር ፈልጉ። የስክሪን መስታወቱንም ግዙ፤ ስትለጥፉት ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አቧራ ባልተነሳበት ሰዓት ይሁን።

«ለአንድ ስልክ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? ነገ ትቀይሪዋለሽ» የሚሉኝ አሉ። አልቀይረውም። ይህ ስልክ በ2023 መጨረሻ ሲወጣ ሳምሰንግ የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያና አራት የአንድሮይድ ደረጃ ቃል ገብቶለታል። እስከ 2028 መጨረሻ ማለት ነው። በሰም የታሸ የበሬ ቆዳም እስከዚያ ይቆያል፣ ከዚያም ያልፋል። እንዲያውም እጅ ሲነካው እየጠቆረና እያማረ ነው የሚሄደው። የሱቁ ለስላሳ ከቨር ግን በሙቀትና በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ነው የሚጣለው።

ከዋጋ አንጻር፣ ቁርጥራጭ ቆዳ፣ ክር፣ ሰምና አቡጀዲ አንድ ላይ ብዙ አያስወጡም። ትልቁ ወጪ የጋሼ የእጅ ዋጋ ነው፤ እሱ ላይ አትከራከሩ። ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ልክ ማውጣት ምን እንደሚጠይቅ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ኤ16 ያላችሁ ሰዎች የኔን ልክ እንዳትወስዱ። የናንተው 164.4 በ77.9 በ7.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ግን ይሳሳል። የቁልፎቹ እብጠት እናንተም ጋ አለ። ፎርማውን ስታሠሩ ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ አናጢው በጣቱ ዳሶ ያስተያየው።